የደምን መንገድ ያረመው ሐኪም፦ ኢብን አል-ነፊስ እና የዛሬው የጉበት ሕክምና በሪያድ

በ1288 ካይሮ ውስጥ ያረፈው ሐኪም ስለ ልብና ሳንባ የጻፋቸው ጥቂት ገጾች፣ ዛሬ ለጉበት ካንሰር በሚሰጠው የጨረር ሕክምና ውስጥም ያገለግላሉ

በሪያድ የጉበት ዕጢ የተገኘበት ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎት፣ ሬዲዮኢምቦላይዜሽን የሚባል ሕክምና ሲነሳ ሰምተው ይሆናል። ጨረር የሚያመነጩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶችን በደም ስር በኩል ወደ ዕጢው የመላክ ሕክምና ነው። የንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታልንና የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሕክምና ከተማን በመሳሰሉ የከተማዋ ትላልቅ ሆስፒታሎች ይሰጣል።

ታማሚው ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ወደ ሕክምና ክፍሉ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሞቹ ዕጢውን አያክሙም። የጉበቱን የደም ስሮች በምስል ይከታተላሉ፣ አስፈላጊ ሲሆንም አንዳንዶቹን ይዘጋሉ፣ ሳንባውን ይመረምራሉ፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ይልኩታል።

ጉበቱን ለታመመ ሰው የሳንባ ምርመራ ምን ያደርግለታል? ጤነኛ የደም ስርስ ለምን ይዘጋል? ብለው ቢጠይቁ አይፈረድብዎትም።

መልሱን ከሥሩ ለማግኘት ወደ ኋላ 780 ዓመታት ገደማ መሄድ ይኖርብዎታል። ያኔ አንድ ወጣት ሐኪም፣ ዓለም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያመነበትን የደም መንገድ ስህተት ነው ብሎ ጻፈ። ስሙ ኢብን አል-ነፊስ ይባላል። እነሆ ታሪኩ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የደማስቆው ተማሪ

ሙሉ ስሙ ዐላእ አል-ዲን ዐሊ ኢብን አቢ አል-ሐዝም አል-ቀርሺ ነው። የተወለደው በደማስቆ አካባቢ በ1213 ገደማ ነው። እኛ የምናውቀው ግን ኢብን አል-ነፊስ በሚለው ስሙ ነው።

ሕክምናን የተማረው በደማስቆው የኑሪ ሆስፒታል ነበር። ይህን ሆስፒታል ኑር አል-ዲን ዘንጊ በ1154 አሠርቶታል። በሽተኛ የሚታከምበት ብቻ ሳይሆን ተማሪ የሚሠለጥንበት ቦታም ነበር። ሕንፃው እስከ ዘመናችን ቆሞ የአረቦች የሕክምናና የሳይንስ ሙዚየም ሆኗል።

ታሪክ ጸሐፊዎች መምህሩ ሙሀዘብ አል-ዲን አል-ደኽዋር እንደነበር ይናገራሉ። አል-ደኽዋር በዘመኑ በሶርያና በግብፅ ስሙ የገነነ ሐኪም ሲሆን፣ ከእጁ ብዙ ሐኪሞች ወጥተዋል።

ከእነዚህ አንዱ ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ ነው። እሱም የሐኪሞችን የሕይወት ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ ለትውልድ ያቆየ ሰው ነው። የሚያስገርመው ነገር፣ በተለመዱት የመጽሐፉ ቅጂዎች ውስጥ የኢብን አል-ነፊስ ታሪክ የለም። ስሙ እንዲህ ገና በሕይወት ሳለ ከመዝገብ መጉደል ጀመረ ማለት ይቻላል።

ኢብን አል-ነፊስ ሐኪም ብቻ አልነበረም። የሻፊዒ የፍትሕ ትምህርት ሊቅ ነበር፤ ኋላም በካይሮው የመስሩሪያ ትምህርት ቤት ሕግ አስተምሯል። የሐዲስን፣ የሰዋስውንና የሎጂክን ነገር ጽፏል። አንድን አባባል ማን ተናገረው፣ ከማንስ ተቀበለው ብሎ መመርመርን የለመደ ሰው፣ የሕክምና መጽሐፍንም በዚያው ዓይን ቢያነበው አይገርምም።

ጉበት የደም ምንጭ በነበረችበት ዘመን

የሠራውን ለመረዳት በዘመኑ ሐኪሞች ምን ያምኑ እንደነበር ማወቅ ያስፈልግዎታል።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን፣ የበላነው ምግብ ከአንጀት ወደ ጉበት ሄዶ በዚያ ደም ይሆናል ብሎ አስተምሮ ነበር። ጉበት የደም ምንጭ ናት። ደሙ ከእሷ ተነስቶ በሰውነት ይሠራጫል፣ ከፊሉም ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይገባል።

ከቀኙ ወደ ግራው የልብ ክፍልስ እንዴት ይሻገራል? ጋሌን ሁለቱን በሚለየው ግድግዳ ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ደሙም በእነሱ በኩል ይሰርጋል አለ።

ይህ ትምህርት ከግሪክ ወደ ሶርያ፣ ከሶርያም ወደ አረብኛ ተሻገረ። ታላቁ ኢብን ሲናም ቃኑን በተባለው ዝነኛ የሕክምና መጽሐፉ ተቀበለው። ጋሌንንና ኢብን ሲናን በአንድነት መቃወም በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። የሐኪምነት ትምህርት ሁሉ የቆመው በእነሱ ላይ ነበርና።

በ29 ዓመቱ የጻፈው እርማት

በ1242፣ ዕድሜው 29 ገደማ ሳለ፣ ኢብን አል-ነፊስ ስለ ሰውነት አካላት በቃኑን ውስጥ የተጻፈውን የሚያብራራ መጽሐፍ አወጣ። የማብራሪያ መጽሐፍ በዘመኑ የተለመደ ነበር። የቀደመውን ሊቅ ቃል አስቀምጦ፣ ትርጉሙን ማስፋት ነው።

ወደ ልብ ሲደርስ ግን ማብራራቱን ትቶ አረመ። በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ድፍን ነው አለ። የሚታይ ቀዳዳ የለውም፣ የማይታይም የለውም። ስለዚህ ደሙ በዚያ ሊያልፍ አይችልም።

ታዲያ በየት ያልፋል? ከቀኙ የልብ ክፍል በትልቅ ደም ስር ወደ ሳንባ ይሄዳል። በሳንባ ውስጥ ይሠራጫል፣ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ከዚያም በሌላ ደም ስር ወደ ግራው የልብ ክፍል ይመለሳል። ወደ ሳንባ በሚያስገባውና ከሳንባ በሚያወጣው ደም ስር መካከል ጥቃቅን መተላለፊያዎች እንዳሉም ገለጸ።

እነዚያን ጥቃቅን መተላለፊያዎች በዓይኑ ሊያያቸው አይችልም ነበር። ማይክሮስኮፕ አልተሠራም። ጣሊያናዊው ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ያያቸው በ1661 ሲሆን፣ ይህም ከ400 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ ልብ ራሷ የምትመገበው በውስጧ ከያዘችው ደም ነው የሚለውንም ሐሳብ አልተቀበለም። የልብ ምግብ በራሷ ሥጋ ውስጥ በተዘረጉ ደም ስሮች በኩል እንደሚደርሳት ጻፈ። ዛሬ ለልብ ሕመም ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚመረመርበት የደም ስር ይኸው ነው።

የሰው አስከሬን ከፍቶ አይቶ ነበርን? በመጽሐፉ መግቢያ ላይ የሃይማኖት ሕግና የገዛ ርኅራኄው ከዚህ ሥራ እንዳራቁት ጽፏል። የጻፈው ነገር ግን ከሚያይ ሰው የመጣ ይመስላል፤ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

አንድ ነገር ግን በልክ መነገር አለበት። ኢብን አል-ነፊስ መላውን የደም ዑደት አላገኘም። ደም ከልብ ወጥቶ ሰውነትን ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ሲሆን፣ መጽሐፉን ያሳተመው በ1628 ነው። የኢብን አል-ነፊስ ድርሻ ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ግራ ልብ ያለችው መንገድ ናት። የሪያዱ ሐኪም ሳንባን የሚመረምረውም በዚህችው መንገድ ምክንያት ነው።

ካይሮ፣ ሆስፒታሉና የተሳሉት ብዕሮች

ኢብን አል-ነፊስ ገና በወጣትነቱ ወደ ካይሮ ተሻገረ። በናሲሪ ሆስፒታል ሠራ፣ አስተማረ፣ በመጨረሻም የግብፅ ሐኪሞች አለቃ ሆነ።

ዘመኑ የሰላም ዘመን አልነበረም። በ1258 ሞንጎሎች ባግዳድን አጠፉ። በ1260 የግብፅ ማምሉኮች ዐይን ጃሉት ላይ ገቷቸው። ከተማና ቤተ መጻሕፍት በሚቃጠሉበት በዚያ ዘመን ካይሮ የሊቃውንት መጠጊያ ሆነች።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ረጅም፣ ቀጭንና ጨዋ ሰው እንደነበር ይነግሩናል። ሀብት አላጣም። በካይሮ የሠራው ቤት እብነ በረድ የተነጠፈበት ነበር። የመኳንንትና የሐኪሞች መሰብሰቢያም ሆነለት።

ስለ አጻጻፉ የተረፈልን ወሬ ግን ከቤቱ ይበልጥ ያስደንቃል። ሊጽፍ ሲቀመጥ ብዙ ብዕር ተስሎ ይቀርብለት ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ ከራሱ ላይ እንደ ጎርፍ ያወርደዋል። ብዕሩ ሲደነዝዝ እንደገና ለመሳል ጊዜ አያባክንም። ወርውሮት ሌላ ያነሳል።

አንድ ቀን ደግሞ ሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሳለ፣ ታጥቦ ሳይጨርስ ወደ ልብስ መቀየሪያው ወጣ ይባላል። ወረቀትና ቀለም አስመጥቶ ስለ ልብ ትርታ የሚናገር ጽሑፍ እዚያው ጽፎ ጨረሰ። ከዚያ ተመልሶ ገላውን መታጠቡን ቀጠለ።

ትልቁ ዕቅዱ አል-ሻሚል የተባለ የሕክምና መጽሐፍ ነበር። 300 ጥራዝ ሊያደርሰው አስቦ ነበር፤ በንጹሕ ተገልብጠው ያለቁት 80 ናቸው። ሙጀዝ የተባለው አጭር መጽሐፉ ግን ከሁሉ ይበልጥ ተነበበ። ለብዙ ዘመን የሕክምና ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ቆየ።

እዚህ ላይ የታሪኩን አሳዛኝ ገጽታ ያስተውሉ። ሰዎች በአጭሩ መጽሐፉ ሲማሩበት፣ ስለ ሳንባና ልብ የጻፈው እርማት በረጅሙ ማብራሪያው ውስጥ ተሸሽጎ ቀረ።

የመጨረሻዎቹ ስድስት ቀናት

በ1284 የማምሉኩ ሱልጣን ቀላውን በካይሮ መሐል የመንሱሪን ሆስፒታል አሠራ። ሱልጣኑ ከመንገሡ በፊት ደማስቆ ውስጥ ታሞ በኑሪ ሆስፒታል መድኃኒት እንደዳነ፣ ያኔም ቢነግሥ እንዲህ ያለ ሆስፒታል ሊሠራ እንደተሳለ ይነገራል። መንሱሪ ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት የሚታከሙበት ነበር። ለየሕመሙ የተለየ ክፍል ነበረው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1288፣ ኢብን አል-ነፊስ ታመመ። ሕመሙ ስድስት ቀን ቆየ። ባልደረቦቹ ሐኪሞች ለሕመሙ የሚስማማ መድኃኒት ነው ብለው ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከሩት። እሱ ግን ወይን በሰውነቱ ውስጥ ይዞ ወደ ፈጣሪው እንደማይሄድ ነግሮ እምቢ አለ።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1288 ዓርብ ዕለት ዐረፈ። እብነ በረድ የተነጠፈበትን ቤቱንና መጻሕፍቱን በሙሉ ለመንሱሪ ሆስፒታል አወረሰ። ዕድሜውን ሙሉ የጻፈውን ለሚታከሙና ለሚማሩ ሰዎች ትቶ ሄደ ማለት ነው።

የጠፋው ገጽ በበርሊን

ከሞቱ በኋላ የሆነውን ይመልከቱ። በ1547 ከሥራዎቹ ጥቂቱ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በቬኒስ ታተመ። በ1553 ስፔናዊው ሰርቬተስ፣ በ1559 ደግሞ ጣሊያናዊው ኮሎምቦ ደም በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ ጻፉ። የኢብን አል-ነፊስ ሐሳብ ደርሷቸው ይሁን ወይስ በራሳቸው ደርሰውበት፣ ክርክሩ አላለቀም። ክብሩ ግን ለእነሱ ተሰጠ።

በ1924 ሙህይ አል-ዲን አል-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። በበርሊን ቤተ መጻሕፍት አንድ የቆየ የአረብኛ የእጅ ጽሑፍ አነበበ። የኢብን አል-ነፊስ ማብራሪያ ነበር። ያነበበውን የመመረቂያ ጽሑፉ አደረገው።

መምህራኑ ለማመን ተቸገሩ። ጽሑፉን ካይሮ ይኖር ለነበረው፣ አረብኛ ለሚያውቀው ጀርመናዊ ሐኪም ለማክስ ማየርሆፍ ላኩለት። ማየርሆፍ መርምሮ ትክክል ነው አለ፤ ለዓለምም አሳወቀው። የሰውዬው ስም ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ በመናማ ባሕሬን በስሙ የሚጠራ ሆስፒታል አለ።

ከጉበት የሾለከው ቅንጣት የት ይደርሳል?

አሁን ወደ ሪያዱ ሕክምና ክፍል እንመለስ።

ጉበት ደም የምታገኘው ከሁለት በኩል ነው። ሦስት አራተኛ የሚሆነው ከአንጀት በሚመጣ ትልቅ ደም ስር ይገባል። ቀሪው አንድ አራተኛ ግን ከልብ በሚነሳው የደም ቅዳ ቧንቧ ነው። የካንሰር ዕጢ በአብዛኛው የሚመገበው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ሐኪሞቹ የሚጠቀሙበት ቁልፍ ይህ ልዩነት ነው።

ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ላይ ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፤ ካቴተር ይባላል። በምስል እየተከታተሉ እስከ ጉበት ደም ቅዳ ያደርሱታል። በእሱ በኩል ኢትሪየም-90 የያዙ ቅንጣቶችን ይለቅቃሉ። ቅንጣቶቹ እንደ ዓይነታቸው ከ20 እስከ 60 ማይክሮን ስፋት አላቸው፤ አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን ነው። ዕጢው ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን የደም ስሮች ውስጥ ተቀርቅረው ይቀራሉ።

ጨረሩ በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ኃይሉም በየ64 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዕጢውን በቅርብ ይመታል፣ የቀረውን የጉበት ክፍል በተቻለ መጠን ይተዋል።

አደጋው ቅንጣቱ መንገድ ሲስት ነው። በዕጢ ውስጥ የደም ስሮች እንደ ጤነኛ አካል ሥርዓት የላቸውም። አንዳንዱ ደም ቀጫጭኖቹን ስሮች ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ደም መልስ ቧንቧ ያልፋል። ቅንጣቱም አብሮ ይሾልካል። ከጉበት ወጥቶ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይደርሳል።

ከዚያስ ወዴት? ጋሌን እንዳለው ቢሆን በግድግዳው ቀዳዳ ሰርጎ ወደ ግራ ልብ፣ ከዚያም ወደ መላ ሰውነት ይሄድ ነበር። ኢብን አል-ነፊስ ግን ግድግዳው ድፍን ነው፣ መንገዱ በሳንባ ነው አለ። እውነቱም ይኸው ነው። ቅንጣቱ በሳንባ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ተይዞ ይቀራል፤ ጨረሩንም እዚያ ይረጫል። ብዙ ከሆነ ሳንባን ይጎዳል።

የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ለዚህ ነው። ሐኪሞቹ በእውነተኛው ቅንጣት ፈንታ ቴክኒሺየም የተባለ፣ በስድስት ሰዓት ኃይሉ በግማሽ የሚቀንስ ንጥረ ነገር የያዘ የፕሮቲን ፍርፋሪ ይልካሉ። ከዚያ ምን ያህሉ ጉበት ላይ ቀረ፣ ምን ያህሉ ሳንባ ደረሰ ብለው በካሜራ ይለካሉ። በአንድ ሕክምና ሳንባ የሚቀበለው ጨረር ከ30 ግሬይ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው። የሚሾልከው ከበዛ መጠኑን ይቀንሳሉ ወይም ሕክምናውን ይተዉታል።

የውሃ አባት ሥራ

ሌላም ስጋት አለ። ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ቅዳ ወደ ጨጓራና ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሚሄዱ ቅርንጫፎች አሉት። ቅንጣት ወደዚያ ከገባ በቀላሉ የማይድን ቁስል ሊያመጣ ይችላል።

በአገራችን በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች የሚመርጡትን የውሃ አባት ያስታውሱ። ውሃው ወደማይፈለግበት ማሳ እንዳይሄድ የአንዱን ቦይ አፍ በጭቃና በሣር ይደፍናል፤ ውሃውም ተሰብስቦ ወደ ተራ ጠባቂው ማሳ ይወርዳል። የሪያዱ ሐኪምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ወደ ጨጓራ የሚወስደውን ቅርንጫፍ ኮይል በሚባል፣ ከፕላቲኒየም በተሠራ ጥምዝ ሽቦ ይዘጋዋል። ጨጓራ ከሌሎች ደም ስሮችም ስለሚመገብ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ደሙና ቅንጣቱ ወደ ጉበት ብቻ ያመራሉ።

አንዳንድ ዕጢ ደግሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ደም ስሮች ይመገባል። ለምሳሌ ከጉበት ውጭ፣ ከድያፍራም በታች ካለ ደም ስር ሊስብ ይችላል። ሐኪሙ ትንሿን ስር ሲዘጋት፣ በጉበት ውስጥ ተኝተው የነበሩ ማገናኛ ስሮች ይከፈታሉ። ዕጢው ከዋናው ደም ቅዳ መመገብ ይጀምራል። መድኃኒቱም በአንድ በር ይገባለታል። አንዳንዴ ደግሞ ለዘለቄታው ሳይዘጋ፣ በትንሽ ፊኛ ለጊዜው ብቻ የደሙን አቅጣጫ ማስቀየር ይቻላል።

ይህ ለሁሉም ታማሚ አይደረግም። ዛሬ ያሉት ቀጫጭን ካቴተሮች ወደ ዕጢው ጠልቀው ስለሚደርሱ፣ ምንም ሳይዘጋ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ውሳኔው በታማሚው የደም ስር ካርታ ላይ ይመሠረታል። የሁለት ሰው የደም ስር ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።

ለእርስዎ የሚጠቅመው

ስለዚህ ዘመድዎ በመጀመሪያው ቀን ሳይታከም ተመለሰ ብለው አይዘኑ። ካርታው ተነስቷል ማለት ነው። የቅንጣቱ መጠን ለእሱ ተሰልቶ ይዘጋጃል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይከተላል።

ሐኪሙን ለመጠየቅ አይፈሩ። ወደ ሳንባ የሚያልፈው ምን ያህል ነው? የተዘጋ ደም ስር አለ? የጉበቱ ጉልበት ሕክምናውን ይችላል? ሌላ አማራጭ አለ? አረብኛው ወይም እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ እንዲመጣልዎ ይጠይቁ።

ከሕክምናው በኋላ ድካም፣ ማቅለሽለሽና ቀላል ትኩሳት የተለመዱ ናቸው። ለጥቂት ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ጋር ተጠግቶ መቆየት ስለማይመከር፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው ለሚኖሩ ሰዎች አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል። ሆድን የሚቆርጥ ከባድ ሕመም፣ ደም ያለበት ትውከት ወይም የትንፋሽ እጥረት ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሕክምናው ለሁሉም ፈውስ አይደለም። አንዳንዱን ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጉበት ንቅለ ተከላ ያደርሰዋል፤ ለሌላው ዕድሜ ይጨምራል፤ ጉበቱ እጅግ ለደከመ ሰው ደግሞ አይመከርም።

ከሁሉ የሚሻለው ዕጢው ሳይመጣ መጠንቀቅ ነው። የጉበት ካንሰር ዋነኛ መንስኤ ከሆኑት አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ክትባት አለው፤ ሳዑዲ አረቢያ ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ1989፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ ያልተከተበ ሊሆን ስለሚችል፣ መመርመርና መከተብ ይኖርበታል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት ለሥራ ሲመጡ በሚደረገው የሜዲካል ምርመራ ሄፓታይተስ ቢ አለብህ ወይም አለብሽ የተባለ ሰው፣ ነገሩን የጉዞ መሰናክል ብቻ አድርጎ አይመልከተው። ቫይረሱ ለዓመታት ሳያሳምም ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። የሚገታ መድኃኒት አለ። በየስድስት ወሩ ጉበትን በአልትራሳውንድ መመርመር ለብዙዎች ይታዘዛል፤ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ለመያዝ ይረዳል።

ኢብን አል-ነፊስ ስለ ጨረርም ስለ ካቴተርም የሚያውቀው አልነበረም። የሠራው ነገር፣ ሁሉም ያለውን ከመድገም ይልቅ ደም በእርግጥ በየት በኩል እንደሚያልፍ መጠየቅ ነበር። ሐኪም የደምን አቅጣጫ ማስቀየር የሚችለው መንገዱን በትክክል ሲያውቅ ነው። እርስዎም በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ፣ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁ።